ከዚህ ያለፈ አይቆጠርም

ሙቀት ማለት ሩጫ ነው ብላኛለች ፋሪሃ፣ ዓም ማለትም አጎቴ የምትለኝ ተማሪ፣ ሌላ ነገር እንዳይመስልህ ዓም በሽር፣ ዓይን የማያያቸው ደቃቃ ነገሮች ሲሮጡ ሙቀት ይባላል፣ ቀስ ሲሉ ብርድ ይባላል፣ በቃ ይኸው ነው። እንግዲያው ዛሬ የኻርቱም አየር አንድም የቆመ የለውም፣ ሁሉም ይሮጣል፣ ቆርቆሮው ላይ ይዘላል፣ ከቆርቆሮው እኔ ላይ ይወድቃል፣ የዐንገሬቡ፣ የጠፍር አልጋዬ ገመድ ጀርባዬን እንደ ወንፊት አትሞታል፣ በዚህ ጎን ብተኛ ላብ፣ በዚያ ጎን ብተኛ ላብ። የሌሊት ጠባቂ እንቅልፉ ቀን ነው። ዙሁርን ሰግጄ ነው የተጋደምኩት፣ እስከ ከሰዓቱ የዐስር ሶላት ጥቂት ላሸልብ ብዬ፣ ዐይኔን ስከድን ግን ልጄ ዘምዘም ትመጣለች፣ ያኔ ትቻት ስወጣ እንደነበረችው፣ የፊት ጥርሷ ወልቆ፣ ስገልጥ ቆርቆሮው ነው። አሁን ቁመቷ ከእህቴ ከመዲና በልጧል አሉ። አሉ ነው የምለው፣ አላየሁማ። ከዐስር በኋላ ስልክ ቤት ሄጄ ልጄን ነይ ወይም አትምጪ ማለት አለብኝ። ወሎ፣ ሐርቡ ከነጋዴው ሱቅ ደጃፍ ከአክስቷ ጋር ቆማ ስልኬን ትጠብቃለች፣ ደላላው እሁድ ወደ መተማ ይነሳል፣ ነይ ካልኳት አብራው ትነሳለች። ያ ረቢ፣ አንተ ምራኝ፣ እኔ እንደሆን ከአራተኛ ክፍል የቀረሁ ሰው ነኝ፣ ሁለት ነገር ባንዴ ማሰብ ይከብደኛል።

የምጠብቀው ቤት ዐማራት ሰፈር ነው፣ ስም ሳይሆን ቁጥር ካላቸው መንገዶች አንዱ ላይ። ባለቤቱ ኡስታዝ ተውፊቅ የፊዚክስ ሰው ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር፣ አሁን በጓሮ ክፍሉ አምስት አሮጌ ኮምፒዩተር በሽቦ አያይዞ ከተማሪዎች የመረጣቸውን ከሰዓት በኋላ ይሰበስባል። የሚማሩት ብዙ ሆነው የሚኖሩ ደቃቃ ነገሮችን ኮምፒዩተር ውስጥ ማኖር ነው፣ በቁጥር እያንቀሳቀሱ፣ በእውነት ያሉት መቼ እንደሚፈሉ መቼ እንደሚረጉ ማወቅ። እኔ የምጠብቀው በሩን፣ ጀነሬተሩንና የማቀዝቀዣውን ውሃ ነበር። ፊዚክስ የመጣብኝ በኡስታዙ ሕግ ነው። አንድ ቀን ተማሪዎቹን በሙሉ ይዞ ወደ በሩ መጣና፣ «ከዛሬ ጀምሮ ማንም ፕሮግራም ከመጻፉ በፊት የሚጽፈውን ለበሽር ያስረዳል» አለ። «በሽር ገባኝ ካለ ይጽፋል፣ አልገባኝም ካለ አይጽፍም። ኮምፒዩተር ከበሽር የባሰ ደንቆሮ ነው፣ የነገሩትን ብቻ ነው የሚሰራ፣ ለበሽር ያልገባ ለሱም አይገባውም።» ተማሪዎቹ ሳቁ። «አልሐምዱሊላህ፣ ከእኔ የባሰ ተገኘ» ብዬ እኔም ሳቅኩ። የባሱ ሳቁ። ያን ቀን ሳቄ ከሆዴ ነበር፣ አሁን ሳስበው ግን መለኪያ አድርገውኛል፣ ውሃ ጉድጓድ ውስጥ የሚጣል ድንጋይ አድርገውኛል፣ ድንጋዩ እዚያ ታች ምን እንዳየ የሚጠይቀው የለም።

ሙስዐብ የሚባለው ጎረምሳ ሕጉ አልዋጥ አለው። «ለሐበሺ በር ጠባቂ ነው ፊዚክስ የማስረዳው?» እያለ ከፊቴ ቆሞ እንደ ዝናብ አወረደብኝ፣ በእንግሊዝኛ ጀምሮ በዐረብኛ ጨረሰው። አልገባኝም አልኩ። እውነቴን ነው፣ አልገባኝም። ኡስታዙ በመስኮት ሆኖ፣ «ሂድ ተመለስ፣ ገና አልገባህም» አለው፣ አልገባውም ሳይሆን አልገባህም። ሙስዐብ የዉዱእ ኢብሪቄን በእግሩ መትቶ ውሃዬን ደፋው። ፋሪሃ ናት ያነሳችልኝ። «ማሌሽ፣ አይዞህ ዓም በሽር፣ አንጎሉ ሞቆበት ነው» አለች። ከዚያ በኋላ ነው አጠገቤ አግዳሚው ላይ መቀመጥ የለመደችው። አል-ማንሺያ ከዓባይ ዳር ያለ ትልቅ ቤት ነው ቤታቸው፣ ሾፌር ያመጣታል፣ ሾፌር ይወስዳታል፣ ግን አግዳሚዬ ላይ አቧራውን ሳትጠርግ ነው የምትቀመጠው፣ ይህንን አልክድባትም። እኩያዋ አለችኝ ብያታለሁ፣ ዘምዘም ትባላለች። «ማሻአላህ» አለችና ስለ ስሟ ጠየቀችኝ፣ ሌላ አልጠየቀችኝም።

ትሪ አምጣ ትለኛለች፣ አመጣለሁ። ፉል አምጣ፣ ከእራቴ ላይ ጥሬውን ባቄላ እፍኝ አመጣለሁ። ትሪው ደቃቃዎቹ የሚሮጡበት ሳጥን ነው፣ ፉሎቹ እነዚያ ደቃቃዎቹ ናቸው። «እያንዳንዷ ሁለት ነገር አላት፣ ያለችበት ቦታና ፍጥነቷ» ትላለች። «በጣም ሲቀራረቡ ይገፋፋሉ፣ ትንሽ ሲራራቁ ይሳሳባሉ።» «እንደ አማቶች» አልኳት፣ ሳቋ ኡስታዙን ወደ መስኮቱ አመጣው። «አሁን አንተ ኮምፒዩተሩ ነህ፣ እኔ የምልህን ብቻ አድርግ፣ ከራስህ አትጨምር። ይህችን ሁለቱ ጎረቤቶቿ ወዴት ይገፏታል? ወደ ቀኝ። ትንሽ ወደ ቀኝ ውሰዳት። ሁሉንም እንደዚያ። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው።» በጣቴ እየነካሁ ሳንቀሳቅስ ቆየሁ፣ ጸሐይዋ አጥሩን እስክትሻገር፣ ስጨርስ ፉሎቹ ዳር ዳሩን ባዶ ትተው ተሰብስበው ነበር፣ ማንም ተሰብሰቡ ሳይላቸው። ደነገጥኩ። ሱብሓነላህ አልኩ። ሲመሽ ቀቅዬ በላኋቸው።

«ትንሽ ውሰዳት» የምትለው ነገር ነው የሚያስጨንቀኝ፣ አሁን ተጋድሜም ያስጨንቀኛል። ዐይንህን ጨፍነህ እንደ መግለጥ ነው ብላኛለች፣ እየጨፈንክ እየገለጥክ ነው የምታያቸው፣ ረጅም ከጨፈንክ ስትገልጥ አንዷ በሌላዋ ላይ ወጥታ ታገኛታለህ፣ ያን ጊዜ የሚገፋፉት ግፊት ሳጥኑን ይበታትነዋል፣ የሠራኸው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ረጅም የጨፈነስ ሰው? የፊት ጥርሷ ወልቆ ሳለ ጨፈንኩ፣ ዛሬ ስገልጥ ደላላ ይዟት የሚሄድ ልጅ ሆናለች፣ አሥረኛ ክፍል ተፈትና ውጤቷ ሳይበቃት ቀርቶ፣ መሐሉን አላውቀውም፣ በየወሩ በስልክ ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ፣ ትምህርት እንዴት ነው፣ ደህና ነው፣ ጨፍኖ መግለጥ ይኼ ነው? ያ ረቢ፣ አንተ አትጨፍንም፣ አታንጎላጅም፣ አንተ መሐሉን ታውቀዋለህ።

አንዷ የገፋቻትን ያህል ያቺም ትገፋታለች፣ እኩል ነው፣ ስለዚህ አንዱን ብታሰላ ሌላውን በነፃ ታገኘዋለህ አለችኝ፣ ይህ ለኮምፒዩተሩ ትልቅ እረፍት ነው። እኩል? አልኳት። «እኩል ወላሂ።» ያን ጊዜ ከሻ የሚሉት አፈሳ ወጥቶ ኢቃማህ፣ የመኖሪያ ፈቃድህ የታለ ተብዬ ሎሪ ላይ ስወረወር ፖሊሱን እኔም እኩል ገፍቼው ኖሯል፣ ሳይታወቀኝ። ነገርኳት። ሳቀችና፣ «እኩል ነው የገፋኸው፣ ግን እሱ ከባድ ስለሆነ አይነቃነቅም፣ አንተ ቀላል ስለሆንክ ትበራለህ» አለች። ገባኝ አልኩ። እንዲህ ያለው ነገር ለእኔ ቶሎ ይገባኛል። የሳጥኑ ግድግዳ ነገርም ቶሎ ነው የገባኝ፣ በዚህ ጠርዝ የወጣች ፉል ወዲያው በወዲያኛው ጠርዝ ትገባለች፣ በዚያው ፍጥነት፣ ምክንያቱም ግድግዳ ብናቆም ግድግዳው ነገሩን ሁሉ ያበላሻል፣ ስለዚህ ማለቂያ የሌለው እናስመስለዋለን። ለምን ቶሎ ገባህ አለችኝ። በዚያች ሎሪ ወስደው ገላባት ድንበሩ ላይ አራገፉኝ፣ ድልድዩን ተሻግሬ መተማ ቆምኩ፣ ፊቴን ወደ ወሎ ባዞር አገሬ ነበረች፣ ልጄ ነበረች፣ ባዶ እጅ ግን እንዴት ይገባል፣ በሌላ በኩል ዞሬ ተመልሼ ገባሁ፣ ያው ሳጥን፣ ያው ፍጥነት። ይህን አልነገርኳትም። እንዲያው ገባኝ ብቻ አልኳት።

ትናንት ያመጣችው ግን ሌላ ነው። ፉሎቹን በትሪው ላይ በተነችና፣ «ሙስበሓህን ስጠኝ» አለች። የሶላት መቁጠሪያዬን ሰጠኋት። አጥፋ ክብ አድርጋ በአንዲት ፉል ዙሪያ አስቀመጠችው። «አሁን ይህችን የሚገፏትንና የሚስቧትን ስታሰላ ከሙስበሓው ውስጥ ያሉትን ብቻ ቁጠር። ከዚህ ያለፈ አይቆጠርም።» «ከውጭ ያሉት አይስቧትም?» «ይስቧታል። ግን በጣም ትንሽ ነው፣ ዜሮ እንለዋለን።» «እየሳቧት ዜሮ ከተባለማ ሐሰት ነው።» «ሐሰት አይደለም ዓም በሽር፣ ስምምነት ነው። ሩቁን ሁሉ ብንቆጥር ሥራው አያልቅም፣ ኮምፒዩተሩ ይደክማል።» ዳር ላይ አንዲት ፉል አለች፣ ከትሪው ከንፈር ተለጥፋ፣ ጠቆር ያለች። እሷን ነው የማያት። ዕድሜ ልኬን ሱብሓነላህ ያልኩበት መቁጠሪያ ነው፣ ለማይቆጠረው አጥር ሆነ። ገባህ ልትለኝ አፏን ስትከፍት ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ። ተነሣችና እንደ ዋዛ፣ አቧራዋን እያራገፈች፣ «ዓም በሽር፣ እናቴ ለቤት ሥራ ልጅ ትፈልጋለች፣ የነበረችው ቤሩት ሄደችባት። ያቺ ልጅህ ለምን አትመጣም? ከኛ ጋር ትሆናለች፣ ኢንሻአላህ እንደ እህቴ ነው የማያት» አለች። መልሱን ነገ ንገረኝ አለች። በቅን ልቧ ነው። ቅን ልቧ ነው የገደለኝ።

ማታውኑ ለመዲና ደውዬ ወሬውን ነገርኳት፣ ቁርጡን ዛሬ እላለሁ ብዬ። እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። ነይ ካልኳት ልጄን በየጁሙዓው አያታለሁ፣ ቁመቷን አያለሁ፣ ድምጿን ያለ ስልክ እሰማለሁ፣ ብትታመም እደርሳለሁ። ነይ ካልኳት ደግሞ እኩያዋ ትምህርት ቤት ስትሄድ ጫማዋን ታስቀምጥላታለች፣ እኩያዋ ስለ ደቃቃዎቹ ስታጠና ሻይ ታቀርብላታለች፣ ፋሪሃም አመሰግናለሁ ትላታለች፣ ጥሩ ልጅ ስለሆነች። አትምጪ ያልኳት እንደሆነ ለልጄ ብዬ ነው ወይስ ያንን ላለማየት ብዬ ነው? ያ ረቢ፣ እሱን አንተ ታውቃለህ፣ እኔ በዚህ ሙቀት ውስጥ አልለየው አልኩ። ደግሞስ ማን ነው ያስመኛት? በየስልኩ ስለ ፋሪሃ ስነግራት የከረምኩት እኔ። መቼም በስልክ ወሬ ያልቃል፣ ደህና ነኝ ካሉ በኋላ ምን ይባላል፣ አንዲት ልጅ ታስተምረኛለች እላታለሁ፣ ሳጥኑን፣ ፉሉን፣ ዐይን መጨፈኑን፣ እሷም ትስቃለች፣ «አባ፣ በሽምግልናህ ተማሪ!» ትላለች፣ በዓመቱ ውስጥ ከሷ ጋር የሳቅኩት በዚህ ብቻ ነው። ለዚያች ሳቅ ብዬ ነው።

የዐስር አዛን ተባለ። የዐማራት መስጊድ ድምፅ ከጀነሬተሩ ድምፅ በላይ ይመጣል። ተነሥቼ ዉዱእ አደረግኩ፣ ውሃው ፈልቷል። ሰገድኩ። ሱጁድ ላይ ግንባሬን አቆየሁት፣ አንተ ዘንድ ሩቅ የሚባል የለም፣ አንተ ሁሉንም ስትቆጥር አይደክምህም፣ የምትወደውን አስይዘኝ ብዬ ተነሣሁ። ስልክ ቤቱ ከሀፍላ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ነው፣ ኢቲሳላት ይሉታል፣ መስታወት ያላቸው ሳጥኖች ተደርድረው ሰው በየሳጥኑ አፉን ሲያንቀሳቅስ ይታያል፣ አይሰማም። ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ጠራ፣ ጠራ።

«አባ፣ አሰላሙ ዐለይኩም።»

«ወዐለይኩም ሰላም ዘምዘሜ። ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። ልብሴን አጥቤ ጨርሻለሁ። እትዬ መዲና ሻንጣ ተውሳልኛለች።»

«ዘምዘም። አትምጪ።»

ከወዲያ የሱቁ ገዢ በርበሬ ስጠኝ ሲል ይሰማኛል፣ ሐርቡ የሚሸጥ በርበሬ እኔ ጆሮ ውስጥ ነው።

«ለምን?»

«የሰው ቤት ነው ልጄ።»

«አሁንስ የማንን ቤት ነው የምጠርገው? የአክስቴን አይደል? አንተስ የሰው በር አይደል የምትጠብቀው?»

«እኩያዋ ነሽ። ለእኩያ መታዘዝ ከባድ ነው።»

«እኩያዬ ብትሆን ጥሩ አይደል እንዴ! ታስተምረኛለቻ። ማታ ማታ ሥራ ስጨርስ። አንተን በር ጠባቂውን ያስተማረች እኔን አሥረኛ የጨረስኩትን አታስተምረኝም?»

ለዚህ ነው። ለሥራው አልነበረም፣ ለኔም አልነበረም። ከነሻንጣዋ ለትሪው ነው የተነሣችው። መስታወቱ በላቤ ጭጋግ ያዘ፣ ከውጭ ተራ የሚጠብቅ ሰው ያላ፣ ቶሎ በል እያለ በጣቱ ያንኳኳል።

«አታስተምርሽም» አልኳት።

«አንተን አስተምራሃለች።»

«እኔን አላስተማረችኝም። አስተማሪዋ ለሱ አስረጂ ብሏት ነው። በኔ ላይ ነው የተማረችው፣ ሰው ግድግዳ ላይ ኳስ እንደሚመታ። ሕጉ ቢቀር ከነገ ጀምሮ ሰላም ብላኝ ታልፋለች። ክፉ ሆና አይደለም። እኔ ስቀባጥር ሌላ አስመሰልኩብሽ።»

 

«ግን እንዳንቺው እሷም ትስቃለች ትለኝ ነበር እኮ።»

«ትስቃለች።»

«እሺ አባ» አለች። እንደ ሰማሁት እሺ፣ ለሱቅ ነጋዴ የሚባል እሺ። ስልኩን ለአክስቷ ስትሰጥ አልተሰናበተችኝም፣ እጇ ተንቀሳቀሰ መሰለኝ፣ የቀሚስ ድምፅ ነው የሰማሁት። መዲና ወረደችብኝ። «አንተ በሽር፣ ምን አልካት? ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች እኮ! ጎረቤቱ ሁሉ ሴት ልጁን ይልካል፣ ያንተዋ ምን ትሁን? እዚህ አታስተምራት፣ እዚያ አታምጣት። እስቲ ንገረኝ፣ አንተ ለዚህች ልጅ ምንድን ነህ?» የውጪው ሰውዬ በሩን ከፈተው፣ ሙቀቱ ገባ።

መንገዱን ተሻግሬ ስመለስ ሀፍላው ወደ ኦምዱርማን ሰው ጭኖ ይሄዳል፣ በሩ ላይ ተንጠልጥለው፣ ተገፋፍተው፣ ተሳስበው። ትክክል ሠርቻለሁ፣ እላለሁ። ሁለት እርምጃ ሄጄ አልሠራሁም እላለሁ። አትምጪ ስላት ከጎኔ ዘጋኋት፣ ትምህርት የለም ስላት ከዚያም ዘጋኋት፣ እኔ ያቆምኩላት አጥር ብቻ ነው። እዚህ የጎረምሳ ውሃ ድፊያ ችዬ፣ የሰው ሳቅ ችዬ የተቀመጥኩት ለሷ ብዬ ነው እል ነበር፣ ለሷ ግን እኔ ምን ደረስኩላት? ይስባል እንበል፣ በጣም ትንሽ ነው፣ ዜሮ እንለዋለን። ሐሰት አይደለም ልጄ፣ ስምምነት ነው።

ፋሪሃ አግዳሚዬ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። ትሪዬን ራሷ ከጓዳዬ አምጥታለች፣ ፉሉን ዘርግታለች። «እህ ዓም በሽር፣ መቼ ትመጣለች?»

«አትመጣም።»

«ያ ኻሳራ» አለች፣ ከልቧ አዘነች፣ ቅንድቧ ተሰበሰበ። «ማሌሽ፣ እናቴ ሌላ ታገኛለች።» ከዚያ ትከሻዋን ነቀነቀችው፣ እንደ ጨረሰችው ሁሉ። «በል የትናንቱን እንጨርስ፣ ኡስታዙ ዛሬ ካልጻፍሽ ቦታሽን ለሙስዐብ እሰጣለሁ ብሎኛል። ገብቶህ ነበር አይደል? ሩቆቹን እንተዋቸዋለን፣ በቃ።»

ኡስታዝ ተውፊቅ በመስኮቱ ብቅ አለ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ። «በሽር፣ ገባህ?»

ገብቶኛል። ያ ረቢ፣ ከገባኝ ሁሉ በላይ የገባኝ እሱ ነው። አንዲት ቃል ናት የሚፈልጉት፣ ቃሏን ልስጣቸውና ትጻፈው፣ እሷ ምን አደረገችኝ። አፌ ግን አልታዘዝ አለኝ፣ ሩቋ አትቆጠርም ብሎ ገባኝ ማለት ከሶላት በኋላ እንደ መዋሸት ሆነብኝ፣ አልገባኝም ማለትም መዋሸት ሆነብኝ።

«አልገባኝም» አልኩ።

«ዓም በሽር!»

«አልገባኝም። ከመጀመሪያው ድገሚልኝ። ያቺ ዳር ላይ ያለችው እየሳበች እንዴት አትቆጠርም?»

ኡስታዙ ሳቀና መስኮቱን ዘጋ፣ «አልገባሽም ማለት ነው» አላት በመስታወቱ ውስጥ። ፋሪሃ ትንሽ አየችኝ፣ ፊቷ እንደ ልጅ ሆነ፣ እልህም እንባም። የኔም ልጅ አሁን ፊቷ ይህንኑ ይመስላል፣ ወደ ግድግዳ ስለዞረ አላየሁትም እንጂ። አጎነበሰችና ፉሎቹን አንድ በአንድ መደርደር ጀመረች፣ ጠቆር ያለችውን ከትሪው ከንፈር ላይ አስቀመጠቻት፣ ከዚያ ሳታየኝ እጇን ዘረጋች።

«እሺ። ሙስበሓህን ስጠኝ።»

«እየቆጠርኩበት ነው» አልኳት።